የሐጂ ቃሲምን ከብት የቆጠርኩ ዕለት

በሰው ላም ሕመም እንቅልፍ ያጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላሟ የእሱ አይደለችም። ወተቷን ቀምሶ አያውቅም። ከባለቤቷም ጋር ከሩቅ ሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የለውም። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ዛሬ አመሰኳች ይሆን?» የሚል ነው። ካላያችሁ እንግዲህ እኔን ተመልከቱኝ። ለዚህ ያበቃኝ ደግሞ ከብት እርባታ እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብ ነው።

በዚያ ዘመን አሰላ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ቀጭን ነበርኩ፣ ፈሪም ነበርኩ። ወጣትነቱና ቅጥነቱ ጊዜያቸውን ጠብቀው ሄደዋል። ዲሬክተሩን እፈራለሁ፤ ጠመኔ በትምህርት መሀል እንዳያልቅብኝ እፈራለሁ፤ ተማሪ እጁን ሲያወጣ የማላውቀውን እንዳይጠይቀኝ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የምፈራው ጢቾን ነበር።

ጢቾዎች እንዳትቀየሙኝ። አገራችሁን ያዩ ሁሉ ገብሱንና አየሩን ሲያመሰግኑ ሰምቻለሁ። እኔ የፈራኋት ጢቾ ስለሆነች ሳይሆን አሰላ ስላልሆነች ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የግራዝማች በየነን ልጅ አጭቼ ነበር። ስሟ እልፍነሽ ይባላል። ግራዝማች ሌላ ልጅ የላቸውምና ሽማግሌዎቼን የመለሷቸው በአንድ ቃል ነው። «ልጄን የምሰጠው እሑድ እሑድ እቤቴ መጥታ ምሳ ልትበላ የምትችልበት ቦታ ለሚኖር ሰው ነው» አሉ። ከጢቾ ተነስቶ በበቅሎ አሰላ ለእሑድ ምሳ የሚደርስ ሰው መቼ መነሳት እንዳለበት እኔ ሒሳብ አስተማሪው ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። በማንኛውም ስሌት ምሳው ይቀዘቅዛል።

ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ማግስት ተቆርጦ ሳለ ዲሬክተራችን አቶ ዘለቀ ቢሯቸው አስጠሩኝ። አቶ ዘለቀ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም፣ ትምህርት ቤቱን የሚወዱ ሰው ነበሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሌለንን ነገር ሁሉ እንዳለን አድርገው ይናገራሉ።

«ኢንስፔክተር ከአዲስ አበባ ይመጣል» አሉኝ። «ጢቾ አስተማሪ ጎድሏል። እዚህ ደካማ ሆኖ ያገኘውን ወደዚያ ያዛውራል ተብሏል። የሚያየው ደግሞ የአምስተኛ ክፍልን ሒሳብ ነው። ግምት፣ ግምት ይላል አሉ።»

«ምን ዓይነት ግምት?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ? አስተማሪው አንተ!»

ግምት የሚባለው ነገር በአዲሱ የትምህርት መምሪያ የመጣ ነበር። ተማሪው ከማባዛቱና ከማካፈሉ በፊት መልሱ ስንት ገደማ እንደሚሆን ይገምት ይላል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ችግሩ እነዚህን ልጆች ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርኳቸው እኔ መሆኔ ነው። መልስ በአንድ ቁጥር ለሳተ አንድ ኩርኩም እሰጥ ነበር። አሁን ድንገት ተነስቼ «ልጆች፣ ዛሬ ትንሽ ተሳሳቱ» ብላቸው ማን ያምነኛል?

ሰሌዳው ላይ አርባ ስምንት ሲባዛ በሃያ አንድ ብዬ ጻፍኩ። «እንዳታሰሉ። ዝም ብላችሁ ገምቱ። በግምት ስንት ይሆናል?» አልኩ። እኔ የፈለግሁት አርባ ስምንትን ወደ ሃምሳ፣ ሃያ አንድን ወደ ሃያ አጠጋግተው አንድ ሺህ እንዲሉኝ ነው። ከዴስኩ ሥር ጣቶች ይንቀሳቀሱ ጀመር። በመጨረሻ ሀሊማ ተነሳች። ሀሊማ የሐጂ ቃሲም የልጅ ልጅ ናት፤ በክፍሉ ውስጥ ከሒሳብ ጋር የማትጣላ እሷ ብቻ ነበረች።

«በግምት አንድ ሺህ ስምንት» አለች።

«ሌላ ግምት ያለው?»

«እኔም በግምት አንድ ሺህ ስምንት» አለ ከኋላ ያለው። ከዚያ በመስኮት በኩል ያሉት፣ ከዚያ በበሩ በኩል ያሉት፤ ሁሉም በግምት አንድ ሺህ ስምንት ሆኑ።

«ሀሊማ፣ ይሄ እኮ ልኩ ነው። ግምት ማለት ከልኩ ትንሽ ፈቀቅ ማለት ነው።»

«ስንት ፈቀቅ ጋሼ?»

«ትንሽ። በመጠኑ።»

«መጠኑ ስንት ነው?»

ደብተሯን ከፍታ እርሳሷን ይዛ ትጠብቀኝ ጀመር። መጠኑን ብነግራት ኖሮ ጽፋ ታጠናው ነበር። ያን ቀን ከክፍል ስወጣ የጢቾ በቅሎ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ መሰለኝ።

ሲጨንቀኝ አዲስ ሐሳብ ይመጣልኛል። ሐሳቦቼን የሚያውቋቸው ሰዎች እንዳልጨነቅ አጥብቀው ይጸልያሉ። በማግስቱ ጠዋት የመጣልኝ ሐሳብ፣ ልጆቹን በጣት ሊያሰሉት ከማይችሉት ነገር ፊት ላቁማቸው የሚል ነበር። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው ተዳፋት ላይ የሐጂ ቃሲም ከብቶች ይግጣሉ። ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር፤ ሣሩ ላይ ጤዛው ገና አልደረቀም።

«ልጆች፣ እነዚያ ከብቶች ስንት ይሆናሉ?»

አንዱ መሬት መሬቱን ያያል፣ ሌላው ቁልፉን ይነካካል።

«አትፍሩ፤ ግምት ነው። ስንት ይሆናሉ?»

«ብዙ ናቸው ጋሼ» አለ አንዱ።

«ይበቃሉ» አለ ሌላው።

ሀሊማን አየኋት። «ማሻአላህ» አለች።

አሁን ሳስበው ሦስቱም ግሩም መልሶች ነበሩ። እኔ ግን ያየሁት ኢንስፔክተሩ ፊት «ይበቃሉ» ሲባል ብቻ ነው። «እንግዲያው እኔ ልቁጠርና እናንተ ተመልከቱ!» አልኩና ሌባ ጣቴን ቀስሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቀጠልኩ። ሌላ ጊዜ ስቆጥር አብረውኝ የሚጮኹት ልጆች ትንፍሽ አላሉም። ሀሊማ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እኔ እንኳንስ ይህን ላስተውል፣ አንዲት ጥጃ ከእናቷ ጀርባ ተደብቃብኝ ነበርና ዞሬ ሄጄ እሷንም ጨመርኩ። ከዚያ ጠቅላላውን ጮክ ብዬ አወጅኩ።

ስንት እንደሆኑ እንዳትጠይቁኝ። ይህን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ብታነቡትም ያንን ቁጥር አታገኙትም።

አቶ ዘለቀ ሁሉንም በቢሯቸው መስኮት አይተው ኖሯል። እየሮጡ መጡ። «የሜዳ ሒሳብ! ለኢንስፔክተሩ ይህንኑ ነው የምታሳየው!» አሉኝና ትከሻዬን መቱኝ። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም። ምሳዬን ልበላ ቤት ስገባ ለእናቴ በኩራት ነገርኳት።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን አደረግክ?»

«ቆጠርኳቸው።»

«የሰው ከብት? በጣትህ? ጮክ ብለህ?»

«ማስተማሪያ ነው እኮ እማዬ።»

«እኔ እናትህ» አለች፤ «ዶሮዎቼን ቆጥሬ አላውቅም። ቀይዋ ገባች፣ ነጯ ገባች፣ እዚያ ጓሮ የምትጥለዋ ገባች እላለሁ እንጂ። ጎረቤት ልጆችሽ ስንት ናቸው ስትለኝ ምንድን ነው የምላት?»

«ደህና ናቸው ትያለሽ።»

«እሱን እያወቅህ ነው!» አለችና አማተበች።

አውቅ ነበር። ጉዱ እሱ ነው። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ ከብትና ልጅ ሲቆጠር ዓይን እንደሚገባበት የማያምን ሰው በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት አላየሁም። ጢቾ የምትባለው ቃል ራሴ ውስጥ ገብታ ሌላውን ዕውቀት ሁሉ ጠራርጋ አስወጥታው ነበር። ምሳዬን ገፋ አደረግሁ።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ሐጂ ቃሲም በፈረስ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከፈረሳቸው ሳይወርዱ በበሩ በኩል አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አካም ጂርታ ባርሲሳ?» አሉኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስሙ ያኮራኝ ነበር።

«ደህና ነኝ ሐጂ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ናት ደህና ያልሆነችው። ግራጫዋ። ትናንት ማታ ሣር አልበላም አለች። ዛሬም አልበላችም። ባርሲሳ ቆጥሯል አሉኝ። እውነት ነው?»

«ለትምህርት ብዬ ነው ሐጂ...»

«አባቴ አልቆጠረም። እኔ አልቆጠርኩም። አንዷ ብትጠፋ ማን እንደጠፋች በመልኳ አውቃለሁ። አንተ ምን ቸገረህ?»

ምን እንደቸገረኝ ብነግራቸው እልፍነሽን፣ ግራዝማችን፣ እሑድንና ምሳን ሁሉ መዘርዘር ሊኖርብኝ ነው። «ምን ላድርግ?» አልኩ።

«ፍታው።»

«ምኑን?»

«ቁጥሩን። አንተ አሰርከው፣ አንተ ፍታው። የቆጠርክበት ቦታ ቆመህ፣ እነዚያው ልጆች ፊት፣ ሽማግሌዎች እየሰሙ፣ ተሳስቻለሁ፣ ቁጥራቸውን አላውቅም በል። ጮክ ብለህ! ስትቆጥር ጮኸሃል አሉ። ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ።»

እፎይ አልኩ። ተሳስቻለሁ ማለት ምን ይከብዳል? በደስታ እሺ አልኳቸው። ፈረሳቸው ከግቢው ሳይወጣ አቶ ዘለቀ ከቢሯቸው ብቅ አሉ። «ኢንስፔክተሩ ሰኞ ጠዋት ነው የሚመጣው። የሜዳ ሒሳቡን ለማየት ቸኩሏል!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገራችሁ። ሐጂ ዘንድ ሄጄ ቀኑን እንዲያዛውሩልኝ ለመንኩ። «ላሟን ለምናት፤ እሷ ከጠበቀች እኔም እጠብቃለሁ» አሉኝ። ላሟን ልለምን ሄድኩ። ግራጫዋ ላም ጥግ ላይ ተኝታ በትልልቅ ዓይኖቿ አየችኝ። ጆሮዋን ዳሰስኩ፤ ይሙቅ ይቀዝቅዝ ለማወቅ የሌላ ላም ጆሮ ዳስሼ ማወዳደር ነበረብኝ፤ የሌላዋን ስነካ ደግሞ የሐጂ ቤተሰቦች አሁንም ሊቆጥር ነው ብለው ተነሱብኝ። እናቴ ገብስ ቀቅላ ጨው ጣል አድርጋበት ሰጠችኝ። ግራጫዋ አሽትታ በላችው። ደስ ብሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በማግስቱም ገብስ ይዤ ሄድኩ፤ በላች። ሣር ሲያቀርቡላት ግን ፊቷን ታዞራለች። ሐጂም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የሚሆነውን በየአቅጣጫው አሰላሁት። ኢንስፔክተሩ ፊት ቁጥራቸውን አላውቅም ካልኩ፣ መቁጠር የማይችል የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ጢቾ እሄዳለሁ። ካላልኩና ላሟ ከሞተች፣ አሰላ ውስጥ ልጁን ለትምህርት የሚልክልኝ የለም፤ ጢቾ እሄዳለሁ። አንዱን ከሌላው ብደምረው፣ ብቀንሰው፣ ባባዛው፣ መልሱ አንድ ነው። እልፍነሽን በገበያ ቀን መንገድ ላይ አየኋት። እናቷ አጠገቧ ስለነበሩ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም፤ ግን ፈገግ አለች።

ሰኞ ደረሰ። ኢንስፔክተሩ ካፖርት የለበሱ፣ መነጽራቸው ወፍራም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ትልቅ ሰው ናቸው። አቶ ዘለቀ ከኋላቸው ኮት ለብሰው ይከተላሉ። ወደ ተዳፋቱ ስንቃረብ ሐጂ ቃሲምና ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«የአካባቢውንም ሕዝብ ጋብዛችኋል?» አሉ ኢንስፔክተሩ ተደስተው።

«ልማዳችን ነው ጌታዬ» አሉ አቶ ዘለቀ፤ ሰዎቹ ለምን እንደመጡ ምንም አያውቁም።

እኔ አንድ ዘዴ ነበረኝ። ኢንስፔክተሩ ዳገቱን ወጥተው ሳይጨርሱ ቀድሜ ሮጬ ቁጥሩን ቀስ ብዬ ልፈታ። ሐጂ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ ብዬ «ተሳስቻለሁ፣ ቁጥራቸውን አላውቅም» አልኩ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም» አሉ ሐጂ። «ላሟም አልሰማችም።»

ኢንስፔክተሩ ደረሱ። ልጆቹ ተሰለፉ። ሽማግሌዎቹ ያዩኛል። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ጮኽኩ። «ተሳስቻለሁ! የእነዚህን ከብቶች ቁጥር አላውቅም!»

«አሚን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ባለፈው ቆጥረዋቸዋል ተብዬ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው ጌታዬ።»

«በስንት ተሳሳቱ?»

«እሱንም አላውቀውም።»

አቶ ዘለቀን ቀና ብዬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ «ጢቾ» ያሉ መሰለኝ።

«ግድ የለም፣ አብረን እንቆጥራቸዋለን» አሉ ኢንስፔክተሩ በደግነት፤ ከዚያም ጣታቸውን ወደ ከብቶቹ ቀስረው «አንድ...» አሉ።

እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም። ዘልዬ ጣታቸውን ያዝኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ የመንግሥት ኢንስፔክተር ጣት በእጄ ውስጥ ነው፤ ልልቀቀው ብል ሁለት ሊሉ ነው፤ ልያዘው ብል ጢቾ ነው። ያዝኩት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

ከልጆቹ መካከል ሀሊማ ወጣች። «ጌታዬ፣ እኛ እንገምትልዎታለን። ከአንድ ይበልጣሉ፣ ከሺህ ያንሳሉ።»

«ልጄ፣ በጣም ሰፊ ግምት ነው።»

«ሆን ብለን ነው ያሰፋነው ጌታዬ።»

ያኔ ሐጂ ቃሲም በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ጌታው፣ ልጆች አሉዎት?»

«አሉኝ፤ ተመስገን» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ስንት ናቸው?»

ኢንስፔክተሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከፍተውም ቆዩ። እጄ ውስጥ ያለው ጣት ቀስ እያለ ሲላላ ተሰማኝ።

«ደህና ናቸው» አሉ በመጨረሻ።

«የእኔም ከብቶች ደህና ናቸው» አሉ ሐጂ።

ኢንስፔክተሩ ከብቶቹን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ጣታቸውን ከእጄ አስለቅቀው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ልጄ» አሉ ወደ ሀሊማ ዞረው፤ «ሃምሳ ዘጠኝን በሠላሳ አንድ ብናባዛው?»

ጣቶቿን ተመለከትኩ፤ አልተንቀሳቀሱም።

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ ገደማ» አለች።

ገደማ! ያቺን ቃል ከአፏ ለመስማት ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። ዕንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያየኝ ወደ ጭላሎ ዞርኩ።

«ልኩስ?»

«ልኩን ከፈለጉ አሰላዋለሁ ጌታዬ። በስንት ፈቀቅ ማለት እንዳለብኝ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።»

ኢንስፔክተሩ ሳቁ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ሳቃቸውን እንደጨረሱ ግን ወደ አቶ ዘለቀ ዞረው «ጎበዝ ልጆች ናቸው። በትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ አለዎት?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ዘለቀን ከእንግዳ አፍ እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። ደረታቸውን ነፍተው፣ በረጅሙ ድምፃቸው፣ ወንዱን ለብቻ፣ ሴቷን ለብቻ፣ ድምሩን ለብቻ አወጁት።

ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ ተነሱ።

«አስተግፊሩላህ! ልጆቻችንን?» አሉ ሐጂ ቃሲም። «ፍታ! አሁኑኑ ፍታ!»

እንዲህ ሆነና አቶ ዘለቀ ኢንስፔክተሩ ፊት፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ «ተሳስቻለሁ! በትምህርት ቤቴ ስንት ተማሪ እንዳለ አላውቅም!» ብለው ጮኹ። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶ አወጡና አንዲት ነገር ጽፈው ኪሳቸው ከተቱ። ምን እንደጻፉ ማንም አላየም። እኔ ያቺን ጽሕፈት እያሰብኩ ጾሙን ጨረስኩ።

ከፋሲካ በኋላ አቶ ዘለቀ ቢሯቸው ጠሩኝ። ፊታቸው ዳምኗል። «ጢቾ የሚሄደው ታወቀ» አሉ። ወንበር ሳይሰጡኝ ተቀመጥኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እዚያም ዲሬክተር ነኝ።»

ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፊቴን ለማሳዘን የቻልኩትን ያህል ሞከርኩ፤ ግን አልታዘዘልኝም። አቶ ዘለቀ በኋላ ጢቾን እጅግ ወደዋት እዚያው ቤት ሠሩ፤ ለእንግዳም በረጅም ድምፃቸው ያወድሷታል።

ግራጫዋ ላም ቁጥሩ በተፈታ ማግስት ድና ተነሳች። ሣር ለመብላት ግን ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ በኔ ገብስ ምክንያት ባልጋለች እያሉ ሐጂ ሲያሙኝ ኖረዋል። ሠርጋችን ላይ መጥተው ከእስላሞቹ ድንኳን ተነስተው መረቁን። «ስሟ እልፍ ነው፤ ልጆቻችሁም እልፍ ይሁኑ። ቆጣሪ አይግጠማቸው» አሉ፤ ይህን ሲሉ ያዩት እኔን ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ምሳ ግራዝማች ቤት እንበላለን። ግራዝማች በር ላይ ቆመው የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ያስገባሉ፤ የቀረ ካለ «እገሌስ?» ይላሉ። ቁጥር የሚባል ነገር አይነሳም። ይሁንና አንዳንድ አገር የማያውቅ ሰው «ስንት ልጆች አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልወድም። «ወደ ቅርቡ አስር ሲጠጋጋ አስር ናቸው» እላለሁ።

እልፍነሽ ይህን በሰማች ቁጥር ትቆጣለች፤ በክርኗም ትጎስመኛለች። አበዛህ ወይም አሳነስክ ብላ ግን አንድም ቀን አርማኝ አታውቅም።